የወተት ሞተሩ ማርሚታ

አባቴ የሞተሩን ማርሚታ የከፈተው ለማን ጆሮ ነበር? ይህን ጥያቄ ዛሬም መመለስ አልቻልኩም። መሪ ሰፈር ካለው ኮንዶሚኒየማችን ሥር ዕቃ በሞተር የሚያደርስ አንድ ወጣት በየማለዳው ያልፋል፤ የጭስ ማውጫውን እሱም ከፍቶታል መሰለኝ፣ ድምፁ ከታች ተነስቶ በደረጃው በኩል ሽቅብ ሲመጣ መስታወቱ ይነዝራል፣ ጎረቤቶቼ ይራገማሉ፣ እኔ ደግሞ የያዝኩትን መጽሐፍ ጭኔ ላይ ደፍቼ ድምፁ ጥጉን ዞሮ እስኪጠፋ እጠብቃለሁ። ሲጠፋ ቀኝ መዳፌ ሳላዘው ይዘረጋል፣ የሚያርፍበት ጀርባ የሚፈልግ ይመስል።

ያደግኩት በየካ በኩል፣ ከእንጦጦ ጋራ ግርጌ ነው። አባቴ መኩሪያ ወተት አመላላሽ ነበር፤ ገና ሲነጋጋ ወደ ጋራው ወጥቶ ላም ካላቸው ገበሬዎች ወተት ይሰበስብና፣ በሞተሩ ግራና ቀኝ በታሰሩ ትልልቅ ጣሳዎች ሞልቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ በሾላ ገበያ ዙሪያ ላሉ ሻይ ቤቶች ያከፋፍል ነበር። ጾም ሲገባ ሻይ ቤቶቹ ወተት አይቀበሉም። ስለዚህ ሁዳዴ ለሌላው ቤት የሽሮ ወቅት ሲሆን ለእኛ ቤት ሞተር የሚፈታበት ወቅት ነበር፤ ወተት የሚወስዱት ሙስሊም ጎረቤቶቻችንና የሕፃናት እናቶች ብቻ ስለነበሩ አባቴ በጊዜ ይመለስና፣ ሞተሩን ግቢው መሃል አቁሞ፣ ካንዴላውን እየፈታ፣ ሰንሰለቱን እየጠረገ ይውል ነበር።

በአንዱ ሁዳዴ እናቴ ከበሩ ላይ ሆና ጠራችው። ደግማ ጠራችው። አባቴ ጀርባውን እንደሰጣት ብሎን ያጠብቃል። ከንፈሯን ነክሳ ወደ ቤት ተመለሰች። ወዲያው ድመቷ ከአጥሩ ስትዘል የጣሳ ክዳን ጣለች፤ ክዳኑ ሲሚንቶው ላይ ሲንቋቋ ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ እኔም ክው አልኩ፣ አባቴ ግን ቀና አላለም። ከኋላው ተጠጋሁና ልጅ ለአባቱ የማይለውን ነገር አልኩ። «መኩሪያ» አልኩት፣ በባዶ ስሙ። ጥፊውን እየጠበቅሁ ቆምኩ። ጥፊው ሳይመጣ ሲቀር የያዘኝን ፍርሃት ያህል ከዚያ በኋላ ፈርቼ አላውቅም።

ለማንም አልተናገርኩም። ጆሮው የደከመ ሰው መንጃ ፈቃዱን እንደሚነጠቅ ሱቅ ተልኬ ቆሜ ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቼ ነበር፤ ሞተሩ ከሄደ ወተቱ እንደሚሄድ፣ ወተቱ ከሄደም ቤታችን ምን እንደሚሆን ለመገመት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም ነበር። እሱም ቢሆን አልተናገረም። «የጣሳዎቹን ሚዛን ትጠብቅልኛለች» ብሎ ከኋላው ያስቀምጠኝ ጀመር እንጂ። ሻይ ቤት ስንገባ ባለቤቶቹ የሚሉትን እኔ ፊቴን ወደ እሱ አዙሬ፣ አፌን በደንብ ከፍቼ እደግምለት ነበር፣ ነገር የምትደጋግም ጅል ልጅ እየመሰልኩ። መንገድ ላይ ደግሞ አንድ ቀን ታክሲ ከኋላችን ክላክስ እየነፋ ሲደርስብን መዳፌን ቀኝ ትከሻው ላይ ጫን አደረግኩ፤ ወደ ቀኝ ጠጋ አለ። አልዞረም፣ አልጠየቀኝም። ከዚያ ወዲህ ቀኝ መዳፍ ጠጋ በል፣ ግራ መዳፍ መንገዱ ክፍት ነው፣ ሁለቱም ቁም ማለት ሆነ፣ አንዳችንም አንድ ቃል ሳንተነፍስ።

ዋጋው ትምህርቴ ነበር። መስከረም በመጣ ቁጥር እኩዮቼ አዲስ ደብተር በላስቲክ ሸፍነው ሲወርዱ እኔ ጣሳዎቹ መሃል ተቀምጬ አልፋቸዋለሁ፤ ፊደል የለየሁትም በአባቴ ትከሻ ላይ አሻግሬ የሱቅና የጋራዥ ታፔላ እያነበብኩ ነው። እናቴ በእራት ሰዓት ታነሳበት ነበር።

«ልጅቷ አደገች እኮ። ሰው ምን ይለናል? ለወተት ብለው ልጃቸውን አደነቆሩ ነው የሚባለው።»

አባቴ ወደ ትሪው አቀርቅሮ ይጎርሳል።

«ከግድግዳ ጋር ነው እንዴ የማወራው? ኧረ አንተ ሰውዬ።»

እኔ በሁለቱ መሃል ተቀምጬ የእሷን አፍና የእሱን ግንባር አያለሁ። ያልመለሰላት ስላልሰማ ይሁን መስማት ስላልፈለገ አላውቅም ነበር። ትምህርት ቤት መግባት እፈልግ ነበር፣ በጣም እፈልግ ነበር፤ ግን ስገባ የሞተሩ ኋላ ባዶ እንደሚሆን ሳስብ የጠቀለልኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ እመልሰዋለሁ።

ክረምት ሲሆን ዳመናው ከጋራው ወርዶ ባሕር ዛፎቹን ይውጣቸውና መንገዱ የሚታየው እግር ሥር ብቻ ይሆን ነበር። በአንዱ ሐምሌ፣ ጣሳዎቹን ሞልተን ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ አጣና የጫነ መኪና ከኋላችን ሰማሁ። ክላክሱን አንዴ ተጭኖ አልለቀቀውም፤ ፍሬን የበጠሰ መኪና እንደዚያ ነው የሚጮኸው። ቀኝ ትከሻውን ተጫንኩ። አባቴ ወፍራም የዝናብ ካፖርት ለብሶ ስለነበር መዳፌ አልተሰማውም። በቡጢ መታሁት፤ ለዝናቡ የተቆጣሁ መስሎት ይሆናል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ መንዳቱን ቀጠለ። ጩኸቱ ጀርባዬ ላይ ሲደርስ ኮሌታውን በሁለት እጄ ይዤ በሙሉ ክብደቴ ወደ ቀኝ ተንጠለጠልኩ። ከነሞተሩ ቦዩ ውስጥ ገባን። መኪናው የጣሳ ክዳን ጨርፎ አለፈና ከታች ካለው የአፈር ክምር ላይ ወጥቶ ቆመ።

ሾፌሩ ሮጦ መጣ። «ጆሮ የለህም እንዴ? ልጅ ጭነህ እኮ ነው።»

አባቴ የሾፌሩን ከንፈር አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ወተቱ ከጭቃው ጋር ተቀላቅሎ በቦዩ እየወረደ ነበር። በእጅጌው ፊቴን ጠረገልኝና «ለእናትሽ አንሸራተተን ነው የምንላት» አለኝ።

ፍልሰታ ገባ፤ ሻይ ቤቶቹ ወተት ማቆማቸው ነው። አባቴ በቆርቆሮው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ማርሚታውን ፈታ። የኋላ ክዳኑን ነቅሎ፣ ድምፁን የሚያፍነውን ባለ ቀዳዳ ቱቦ ጥላሸት እንደለበሰ ከውስጡ መዝዞ አወጣ፤ በናፍጣ አጥቦ፣ በብረት መጋዝ አሳጠረውና ቀዳዳዎቹን አሰፋቸው። ሲገጥመውና ሲያስነሳው የቆርቆሮ ንቋቄ የመሰለ ጩኸት ግቢውን ሞላው።

«ምን ይመስላል?» አለኝ።

«ቆርቆሮ።»

ፈታው። የእናቴን የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ከጓዳ አምጥቶ ቱቦውን ጠቀለለበትና መልሶ ከተተው። ከዚያ እኔን ወደ መንገድ ላከኝ። «እስከ ባሕር ዛፎቹ ውጪ። ሲሰማሽ እጅሽን አንሺ።» በዝናቡ ወጣሁ፤ እጄን አነሳሁ። ተመልሼ ስመጣ እንደገና ፈታው፣ ሽቦውን ቀነሰ፣ ቱቦውን አሳጠረ፣ «አሁን ደግሞ ከመታጠፊያው ወዲያ» አለኝ። በየቀኑ እየራቅሁ ሄድኩ። በመጨረሻ እሱም ሞተሩም በማይታዩበት ቦታ፣ በዳመናው ውስጥ ቆሜ ስጠብቅ፣ ድምፁ መሬቱን ይዞ በእግሬ በኩል የገባ መሰለኝ፤ ወፍራም፣ የተረጋጋ፣ ከሩቅ የሚመታ ከበሮ የመሰለ። ሮጬ ስደርስ አባቴ መዳፉን ታንከሩ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ብቻውን ይስቃል።

ለእኔ ነገሩ የተምታታው እዚያ ላይ ነው። ለራሱ ደስታ ከሆነ እኔን እስከ መታጠፊያው ምን አስላከው? ሌላው እንዲሰማው ከሆነ ያ የተጨፈነ ዓይን ምንድን ነው?

ሰፈሩ ግን መልስ ነበረው። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «መኩሪያ፣ ሌላ ሚስት አሰብክ እንዴ? በዚህ ዕድሜህ መንደር የምታናውጥ?» ስትለው፣ አባቴ የሳቀ ፊቷን አይቶ በትሕትና ይስቅላታል። እናቴ በኀፍረት ወደ ጓዳ ትገባለች። ጳጉሜ ላይ ግን፣ ሳህን ይዛ በፊቱ ስታልፍ፣ «ሰናይት ትመዝገብ» አላት። እናቴ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች።

አንደኛ ክፍል የገባሁት ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር በማይገባበት ዕድሜ ነው። ከጥቃቅን ልጆች ጋር «ሀ ሁ» ስል፣ ጆሮዬ ከመስኮቱ ውጭ ነበር። ሞተሩ በየጠዋቱ ከጋራው ሲነሳ እሰማዋለሁ፤ መታጠፊያው ላይ ይወፍራል፣ ድልድዩ ላይ ይቀንሳል፣ ከዚያ እግረኛው፣ አህያ ነጂው፣ ባለጋሪው ሁሉ ጥጉን ሲይዙለት ይታየኛል። ወደ ገበያው ገብቶ ሲጠፋ ብቻ ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ።

«ሰናይት፣ ምን እያየሽ ነው?»

«ምንም፣ ቲቸር።»

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመው። ድምፁ ሕዝብ ይረብሻል፣ ወደ ነበረበት መልስ ተባለ። አባቴ አልተከራከረም፤ ያልተነካካ አሮጌ ማርሚታ ፈልጎ አመጣና፣ እሑድ ከሰዓት፣ ማንንም ወደ መንገድ ሳይልክ ገጠመው።

ዛሬ ከጆሮው ጀርባ የምትደረግ ትንሽ የመስሚያ መሣሪያ አለችው፤ አብዛኛውን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ነው የምትውለው። እናቴ ልታናግረው ስትፈልግ ከያዘችው ሥራ ተነስታ፣ ዞራ፣ ፊት ለፊቱ ትቆማለች። የዚያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ ድምፅ ከፍ ይል ነበር፣ መልስ ግን አልነበረም፤ አሁን ሁለቱም በዝግታ ያወራሉ፣ አንዱ የሌላውን አፍ እያየ። ስለ ማርሚታው አንድ ቀን ጠይቄዋለሁ። «ያምር ነበር» አለኝ፣ በቃ።

ይህ ሁሉ የመጣው አሮጌው ማርሚታ በተገጠመ ማግስት፣ ከዚያ ሰኞ ጠዋት ነው። ሞተሩ እንደ ስፌት መኪና እያዜመ ከግቢ ወጣ። እናቴ ልብስ እያጠበች «ተመስገን፣ ሰፈሩ ዐረፈ» አለች። እኔ ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ቦርሳዬን አንግቼ በሩ ላይ ነበርኩ። ገና ባሕር ዛፎቹ ጋ ሳይደርስ ድምፁ ጠፋኝ። ጆሮዬን ወደ ጋራው አዙሬ ጠበቅሁ፤ የሚሰማው የሳሙናው አረፋ ብቻ ነበር። ቦርሳዬን አወረድኩ።

«እማዬ፣ አባዬ አይሰማም።»

«ምን አለሽ ደግሞ?»

«ጆሮው አይሰማም። ትልቅ ድምፅ ካልሆነ አይሰማም። ድሮም አይሰማም ነበር።»

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። ደንግጣ የምትጮህ መስሎኝ ነበር፤ ቀስ ብላ ዱካው ላይ ተቀመጠች፣ እጇን ቀሚሷ ላይ አደረቀች፣ እንደገና አደረቀች።

«እኔ እኮ» አለች፣ «የናቀኝ ነበር የሚመስለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት።»

ከዚያ ቀና ብላ «መንገድ ላይስ? እንዴት ነበር የምትሆኑት?» አለችኝ። ስለ መዳፎቼ ነገርኳት። ስጨርስ ነጠላዋን ከገመዱ ላይ አውርዳ ወገቧን ጠበቅ አድርጋ ታጠቀች፣ እንደ አባቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠችና «አሳዪኝ» አለች።

ቀኝ መዳፌን ትከሻዋ ላይ አሳረፍኩ። እናቴ ወደ ቀኝ ጠጋ አለች።