አልጋ የማያስገባው ክፍል

ንስሐ አባቴ ይህን አያውቁም። ፊታቸው ቀርቤ ስለ ሐሜቱ፣ ስለ ቁጣው፣ ስላፈረስኩት ጾም እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይያያዛል። ባሌም አያውቅም። የሚያውቁት አንዲት ሴት ነበሩ፤ እሳቸውም ዛሬ ከአፈር በታች ናቸው። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። እኔ የባሌን እናት ከቤታችን ፕላን ላይ ፍቄያቸዋለሁ። በላጲስ፣ በገዛ እጄ።

እዘኑልኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ሰው ለመምሰል ያህል አንገቴን ደፍቼ መናገርም አልችልበትም። የሆነውን እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ የፈለጋችሁትን በሉ።

የሒሳብ መምህርት ነኝ። ከደሴ ደብረ ማርቆስ ተመድቤ መጥቼ እዚሁ አገባሁ። ባሌ ይበልጣል የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሳምንቱን አምበር አካባቢ ከገበሬዎች ጋር ያሳልፍና ቅዳሜ ጫማው ጭቃ ለብሶ ይመጣል። እናቱ እማማ እናኑ ከደምበጫ ወጣ ባለ ገጠር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት የኖርነው አንድ ክፍል ተከራይተን ነው። እማማ እናኑ ሲመጡ ወር፣ አንዳንዴም ሁለት ወር ይቀመጣሉ። እሳቸውንና እኛን የሚለየን መጋረጃ ብቻ ነበር። ልጅ አልመጣልንም። በየወሩ ፊቴን አየት አድርገው፣ «ዛሬም የለም?» ይሉኛል። ጎረቤት ቁጭ ባለበትም ይሉኛል። ሁለት ጊዜ እንዳስወረደኝ አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ ልንገራቸው?

አንድ ማለዳ፣ የተኛሁ መስሏቸው፣ ከመጋረጃው ማዶ ልጃቸውን ሲመክሩት ሰማሁ።

«አንድ ለናቱ ነህ። ከሌላም ቢሆን ውለድ እንጂ! እሷን አባራት አላልኩህም፤ ውለድ ነው ያልኩህ።»

«ተይ እማ» አለ ይበልጣል።

ተይ ብቻ። እሺም እምቢም አላለም። እኔ ብርድ ልብሱን ነክሼ እስኪነጋ ጠበቅኩ። ያን ቀን ነው ለራሴ የማልኩት፦ የራሴ ቤት ሲኖረኝ፣ የወር አበባዬን የሚቆጥርብኝ ሰው ከጣሪያዬ ሥር አያድርም።

ከዓመታት በኋላ በማኅበር ቦታ ደረሰን። አንድ እሁድ ከሰዓት ይበልጣል ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን ባለ ካሬ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ «መስመር የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለኝ። ፎቅ የሌለው፣ ለቤተሰብ የሚበቃ ቤት። እኔ አሰምራለሁ፣ እሱ ይከራከራል። ሳሎኑን በመንገዱ በኩል፣ ማድ ቤቱን በጓሮ አደረግን። የእኛ መኝታ ቤት፤ ቀጥሎ የልጆች። ልጅ ሳይኖረን የልጆች ክፍል አሰመርን! በምሥራቅ በኩል፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው ጥግ ሦስተኛ መኝታ ቤት ወጣ። ይበልጣል እርሳሱን ከእጄ ወስዶ መሃሉ ላይ «እናቴ» ብሎ ጻፈ። ደስ ብሎት ነበር። እኔም ፈገግ አልኩ።

እማማ እናኑ ቤት ልንሠራ መሆኑን ሲሰሙ፣ ሟች ባላቸው የተከሉትን ባሕር ዛፍ በሙሉ አስቆርጠው ለጣሪያው በመኪና ላኩልን። ከሾፌሩ ጋር የላኩት መልእክት አንድ ነው፦ «ለክፍሌ በር መቀርቀሪያ ከውስጥ አድርጉልኝ።» በሕይወታቸው ከውስጥ የሚዘጋ ክፍል ኖሯቸው አያውቅም። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰምቼም ፋቅኩት።

ፕላን ነዳፊው ወረቀቱን ተቀብሎ የፋቅኩበትን ቦታ በጣቱ ነካ።

«ይኼ ባዶው ምንድን ነው?»

«ለሳሎኑ ጨምርበት። የቀረው ዕቃ ቤት ይሁን።»

«ዕቃ ቤቱን ምን ያህል ላድርገው?»

«አልጋ እንዳይገባበት አድርገህ ሥራው።»

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። እኔ አልሳቅኩም። ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከስድሳ። አስቤበታለሁ እኮ! ክፍሉን ብቻ ባጠፋ፣ አንድ ቀን «እዚያች ጥግ እናንጥፍላቸው» መባሉ እንደማይቀር አውቄ ጥጉንም አጠፋሁ። ተናድጄ ያደረግኩት አይደለም። ለክቼ ያደረግኩት ነው።

ለይበልጣል፣ ማዘጋጃ ቤት ከወሰን ራቁ ስላለን ሦስተኛው መኝታ ቤት አልወጣም፤ የተረፈው ለመኝታ ስለማይበቃ ሳሎኑ ላይ ተጨመረ አልኩት። ማንም እንዲህ አላለንም። እሱ ገጠር ስለሚውል ጉዳዩን የማመላልሰው እኔ ነበርኩ፤ አመነኝ።

ቤቱ አልቆ ካህን መጥተው ጠበል የረጩ ዕለት፣ እማማ እናኑ ነጭ ለብሰው መጡ። እንግዳው ሁሉ ሳሎኑን፣ ስፋቱን ሲያደንቅ እሳቸው በሮቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ አዩ። ተመልሰው መጥተው ልጃቸውን ጠየቁት።

«የቷ ናት የኔ?»

ይበልጣል መሬት መሬት እያየ፣ «ማዘጋጃ ቤት ከለከለን እማ» አላቸው።

«ማዘጋጃ ቤት እኔን በምን አወቀኝ?»

ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም። «ይሁን። ይባርክላችሁ» አሉና በዚያው ቀን ሚኒባስ ተሳፍረው ወደ ደምበጫ ተመለሱ።

በዚያ ቤት ሁለት ሴት ልጆች ወለድኩ። ፈጣሪ ቀጣኝ እንድላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ፣ አልቀጣኝም። እማማ እናኑ ለሁለቱም ክርስትና መጥተው፣ ልጆቹን ስመው፣ ሳያድሩ ሄዱ። ሰላም ነበርኩ። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ይህን ብሸሽግ ኑዛዜ መሆኑ ይቀራል።

ትልቋ ልጄ ትምህርት በጀመረች ዓመት፣ እማማ እናኑ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲወጡ ወደኛ መጡ፤ ወዴት ይሂዱ? ይበልጣል መኝታ ቤታችንን ልልቀቅልሽ አላቸው። «የባልና ሚስት አልጋ ላይ አልተኛም» አሉ። ከልጆቹ ጋር አልናቸው፤ ሌሊት ሲያቃስቱ ሕፃናቱን እንዳያስፈሩ እምቢ አሉ። አልጋው ሳሎን ተዘረጋ። ያ ሰፊ ሳሎኔ!

ሦስት ወር። የማጥባቸው እኔ ነኝ። አንሶላ በሁለት ወንበር ላይ ወጥሬ፣ ከኋላው ገላቸውን አብሳለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር ነጠላቸውን እየሳቡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ጠያቂ መጥቶ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር መጸዳጃ ዕቃቸውን ይዘው ሰው እስኪሄድ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ከሰዓት በሙሉ ተቀምጠው ዋሉ። ሲወጡ አሮጊቷ ያለቅሱ ነበር። ያለ ድምፅ።

በዚያ ሳምንት ልጃቸውን ጠሩት። «ያቺን ዕቃ ቤት ባዶ አድርጉልኝ። በር ያላት ነገር ትበቃኛለች።»

ይበልጣል እንዴት እስከዛሬ አላሰብኩትም ብሎ ዘሎ ተነሣ። ጆንያውን፣ ጄሪካኑን አወጣ። አልጋውን በቁመቱ ሞከረው፤ አልገባም። በሰያፍ ሞከረው። ሜትር አምጥቶ ተንበርክኮ ለካ፣ እንደገና ለካ።

«ምን ዓይነት ሰይጣን ነው እንዲህ አድርጎ የነደፈው!» አለ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው። አልወጣኝም። ከሳሎን የእማማ እናኑ ድምፅ መጣ።

«ተወው ልጄ። የነደፈው ሰው የሚያደርገውን ያውቃል።»

ከጥቂት ቀን በኋላ ጠጉራቸውን እያበጠርኩ ሳለ፣ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ያን ማለዳ ነቅተሽ ነበር። አውቄያለሁ።»

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቆመ።

«አንቺም የሰማሽውን ሰምተሻል፣ እኔም ያየሁትን አይቻለሁ። ለልጄ ግን እንዳትነግሪው። እሱ ሁለታችንንም ማጣት የለበትም።»

ይቅር በይኝ አላሉኝም። እኔም ይቅር ይበሉኝ አላልኳቸውም። የቀረውን ጠጉር አበጠርኩ፤ ጎነጎንኩት። በምርኩዝ መቆም እንደጀመሩ ቤቴ አድርሱኝ ብለው ሄዱ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ዐረፉ።

ይቅር ብለውኝ ነው፣ ወይስ አፌን አስረውት ነው የሄዱት? እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው ሌላ ነው። ከእሳቸው ጋር አልኖርም ማለቴ በደል አይደለም። ንስሐ አልገባበትም። በአንድ መጋረጃ ሁለት ሕይወት አይከለልም፤ ዛሬም ፕላን ንደፊ ብትሉኝ ያቺን ክፍል አላስገባትም። በደሌ እንጨታቸውን ጣሪያዬ ላይ ሰቅዬ መዋሸቴ ነው። ፊታቸው ቆሜ «አብረን አንኖርም፤ በዚህ ምክንያት» ማለት ስችል፣ ከማዘጋጃ ቤት ጀርባ ተደበቅኩ። ደፋር ነኝ የምል ሴት፣ አንዲትን አሮጊት በላጲስ ተዋጋሁ። ለዚህ ሰበብ የለኝም፤ ቢኖረኝም አላቀርብም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ይበልጣል ከአምበር ሲመጣ ይህን ወረቀት አስነብበዋለሁ። አደራቸውን መብላቴ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህም በእኔ ላይ ይጻፍ። ቤቱን ትቶ ቢወጣ አልከለክለውም፤ ቢቀመጥም እግሩ ላይ አልወድቅም። ይፍረድ።

እናንተን ግን ይቅር በሉኝ አልልም። ከእናንተ የቀማሁት ክፍል የለም።