የኤሊስ ስም በ«ጎረቤት» ላይ

ቬርና ፕሩዊት የ«ጎረቤት» አዘጋጅ የሆነችው ሳትፈልግ ነው። «ጎረቤት» በባልቲሞር ወንድ የሚያፈቅሩ ወንዶችና ሴት የሚያፈቅሩ ሴቶች የሚጠያየቁበት ጋዜጣ ነበር። መሥራቹን ኤሊስ ታሊቨርን ኤድስ አልጋ ላይ ሲያውለው፣ «በቃ፣ አንቺ ያዢው» አላት።

«እኔ ማስታወቂያ ለቃሚ! ምኑን አውቄ?»

«መጮህ ታውቂያለሽ፤ ይበቃል» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሳል አቋረጠው።

ጋዜጣው የማይጣስ ደንብ ነበረው። ገና ሲጀመር የአንድ መምህር ስም ታትሞ ሰውየው ከሥራ ተባሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለ ስሙ ካልፈቀደ እውነተኛ ስምም ፎቶም አይወጣም። ኤሊስ ራሱ፣ እናቱ ሚስ ሩቢ በመዘምራን ጓደኞቻቸው ፊት እንዳያፍሩ፣ ሁልጊዜ «ሬይ ዳውሰን» እያለ ነበር የሚጽፈው።

«ስሞት ግን በስሜ አውጪኝ» አላት፤ «እናቴ እሺ ካለች ብቻ።»

ቬርና ደወለች። ሚስ ሩቢ የጋዜጣውን ስም ሲሰሙ ስልኩን ዘጉት። ደግማ ደወለች፤ ያው ነው። ኤሊስ በየጠዋቱ «ምን አለች?» ይላት ነበር፤ እሷም ትራሱን ታስተካክልለታለች። እንደጠበቀ ዐረፈ። እናቱ አስከሬኑን ወስደው በጸጥታ ቀበሩት። ቬርናም ደንቡን አክብራ፣ ያለ ፎቶ፣ በፊት ገጽ «ሬይ ዳውሰን ዐረፈ» ብላ አወጣች።

በሳምንቱ ሚስ ሩቢ ጋዜጣውን ጨብጠው ቢሮ ገቡ።

«ጓደኞች አሉኝ ይል ነበር። ቀብሩ ላይ ማንም አልመጣም። ይሄንንም ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ልጄን ያነሳ አንድ ሰው የለም!»

ቬርና የፊት ገጹን አሳየቻቸው። «ሚስ ሩቢ፣ ሬይ ማለት ኤሊስ ነው።»

በጣታቸው እየተከተሉ እንደገና አነበቡት። የሆስፒታል አስታማሚዎች የኤድስ ሕሙማንን ምግብ በር ላይ ጥለው ሲሄዱ፣ ገብቶ በማንኪያ ያጎርሳቸው ስለነበረው ሰው ነበር የተጻፈው።

«ለምን በስሙ አልጻፍሽም?»

«የእርስዎን እሺታ እየጠበቀ ነበር።»

ሚስ ሩቢ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። «ጻፊው» አሉ። «ኤሊስ ታሊቨር፤ የሩቢ ልጅ።» ከቦርሳቸውም በመዘምራን ልብስ የተነሣውን ፎቶ አወጡ። «ድምፁ ከእግዚአብሔር ነበር» አሉ።

ቬርና አመስግና ተቀበለች። ፎቶውን ገጹ ላይ ልትለጥፍ ስትል ግን እጇ ቆመ፤ ባለ ስሙን ሳትጠይቅ ለጥፋ አታውቅም። ወደ ኤሊስ ባዶ ወንበር ዞራ፣

«እናትህ ፈቅደዋል፤ ይውጣ?» አለች።