ከዱባይ አራት ሰዓት፣ ከሰበታ ስድስት ሰዓት

ሰበታ፣ ሊነጋጋ ሲል

ታናሽ እህቴ ራሄል ከዓመታት በኋላ ዛሬ ከዱባይ ትገባለች። "ተሳፍረናል" የሚል መልእክቷ ሲደርሰኝ እኔ አስፋልት ዳር ሚኒባስ እየጠበቅኩ ነው። የአውሮፕላን ጉዞ የሚያሳየውን አፕ ከፍቼ አየሁ፦ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አራት ሰዓት። እኔ የምሄደው ሱሉልታ፣ እናታችን ቤት ነው፤ ያውም ቡራዩ ጎራ ብዬ፣ ለራሄል መቀበያ የታዘዘውን በግ ይዤ። እንግዲህ ማን ቀድሞ እንደሚገባ እናያለን።

እቀናለሁ፤ ምን እደብቃለሁ? እሁድ እሁድ እናቴን የምጠይቃት እኔ ነኝ። አንድም ቀን በግ ታርዶልኝ አያውቅም።

ቡራዩ፣ ረፋድ

አየር ጤና፣ ኮልፌ፣ ዊንጌት፤ በየቦታው ሰልፍ፣ በየቦታው ግፊያ። አቧራ፣ ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ፣ የበቆሎ ጥብስ ሽታ። ስልኬ ላይ ትንሿ አውሮፕላን ባሕሩን ተሻግራለች፤ እኔ አደባባዩን አልተሻገርኩም።

በግ ነጋዴው ኦቦ ቶሎሳ የእናቴ የድሮ ደንበኛ ናቸው። "አካም ጅርታ" ብለው ተቀበሉኝ። ሙክቱን መርጠው አስረውታል። ለማን እንደሚታረድ ሲጠይቁኝ እህቴ ከዱባይ እየመጣች መሆኑን ነገርኳቸው።

"አንቺስ ከየት መጣሽ?"

"ከሰበታ።"

"እሱም ሩቅ ነው" አሉና ገመዱን እጄ ላይ ጠቀለሉልኝ። ሰውዬውን ወደድኳቸው።

አዲሱ ገበያ

ረዳቱ ለበጉ የሰው ሂሳብ አስከፍሎኝ ጣሪያ ላይ ጫነው። የእንጦጦን ዳገት ስንያያዘው ስልኬን አየሁ፤ አውሮፕላኗ ካረፈች ሰዓት አልፏታል። ሾፌሩን ትንሽ ፈጠን ብትል አልኩት። በጉ ቸኮለ እንዴ ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ።

ሱሉልታ፣ ምሳ ሰዓት

ቀድማኛለች። እናቴ "ያንን ሁሉ ሰማይ አቋርጠሽ" እያለች ትስማታለች፤ ደግማ ትስማታለች። ለእንግዳ ብቻ የሚወጡት ባለወርቅ ጠርዝ ብርጭቆዎች ከቡፌው ወጥተዋል። እኔ በጉን እየጎተትኩ ስገባ ቀና ብላ "ምነው ቆየሽ? በይ ሽንኩርቱን ክተፊ" አለችኝ። በጉን ግቢው ውስጥ አሰርኩት።

ጓዳ ገብቼ መክተፍ ጀመርኩ። ብዙም ሳልቆይ ራሄል ተከትላኝ መጣችና ቢላ እንድሰጣት፣ ልታግዘኝ እንደምትፈልግ ነገረችኝ።

"ራሄል፣ ነይ ተቀመጪ እንጂ" አለች እናቴ ከሳሎን። "አንቺ እኮ እንግዳ ነሽ።"

ራሄል ግን አልሄደችም። ፊቷ ቅጭም አለ። መደርደሪያውን ዞር ዞር ብላ አየችው።

"ከመጣሁ ጀምሮ ተቀመጪ እንጂ ሌላ ያለኝ የለም" አለች። "በእናታችን ቤት ጨው የት እንደሚቀመጥ እንኳን አላውቅም። አንቺን እኮ ገና ከበር ስትገቢ አዘዘችሽ።"

ሌላ ቢላ አጠገቤ፣ መሳቢያው ውስጥ ነበር። የት እንዳለ አልነገርኳትም።