የጭቃ ወታደሮቹ ሞጣ የሄዱ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ሞጣ ገበያ አንዲት ሴት ከቅርጫቷ የጤፍ ጭድ እየገለጠች እንቁላል ስታወጣልኝ የጭዱ ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ደረቅ፣ ትንሽ አቧራ አቧራ የሚል፣ ፀሐይ የጠገበ ሽታ ነው። ሴትዮዋ «እኅት ዓለም፣ ምን ሆንሽብኝ?» ስትለኝ እኔ እዚያ አልነበርኩም። በሐሳቤ ቢቸና ገብቼ፣ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ጓሯችን ተቀምጠው ትንንሽ ወታደሮቻቸውን ጭድ ላይ ሲያስተኙ እያየሁ ነበር። እንቁላሉን ገዝቼ ቤቴ ገባሁና አለቀስኩ።

ሃምሳ አለቃ ደምሴ ከጦር ሜዳ ተመልሰው የእኛን የጓሮ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ቀኝ እግራቸውን ያነክሳሉ። የሚተዳደሩት ጃንጥላና የላምባ ምድጃ እየጠገኑ ነው። ቁጣቸው ለጉድ ነበር፤ ምድጃ አበላሽቶ የሚመጣ ሰው ምድጃው ሳይጠገን በፊት እሱ ይሰደባል። ሰፈሩ «የሃምሳ አለቃ ምላስ ከጠመንጃቸው ይብሳል» ይል ነበር። እኔ ግን አልፈራቸውም፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠላታቸው እኔ ነበርኩና።

ደጃፋቸው ላይ በሳንቃ የታጠረ የአሸዋ ገበታ ነበራቸው። አሸዋውን አርጥበው ኮረብታና ገደል ይሠሩበታል፤ በሰማያዊ ክር ወንዝ ይዘረጉበታል። እዚያ ላይ ጣት የሚያክሉ የጭቃ ወታደሮች ይሰለፋሉ። ጭቃውን ከወንዝ ዳር አምጥተው፣ ከጥጥ ጋር አቡክተው፣ ውስጡ ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ ጥላ ውስጥ አድርቀው የሚሠሯቸው እሳቸው ናቸው። አንዱ በደረቱ ተኝቶ ያነጣጥራል፣ አንዱ ሬዲዮ ተሸክሟል፣ አንዱ ቁስለኛ ደግፏል። የምንዋጋው በቆርኪ ነው። ሦስት ቆርኪ እንጥላለን፤ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ የወደቀ ቆርኪ ሁሉ ከጠላት አንድ ሰው ይጥላል። እኔ ዕድል ስላለኝ ብዙ ጊዜ አሸንፋቸው ነበር። «ይቺ ልጅ ጄኔራል ናት፤ አምላክ ከእውነተኛው ይሰውራት» ይሉኛል።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራቸው። የወደቀ ወታደር አሸዋ ላይ አይቀርም። ሰው የወደቀበት ወገን ውጊያውን አቁሞ፣ በእጁ አንስቶ፣ ስሙን ጠርቶ ሣጥኑ ውስጥ ያስተኛዋል። ሣጥኑ የገመድ እጀታ ያለው አሮጌ የጥይት ሣጥን ነው። ውስጡን በዘይት ቆርቆሮ ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ወታደር ማደሪያ አበጅተውለታል፤ ከሥር የበግ ቆዳ፣ ዙሪያውን ጭድ። «ጭድ ይይዛል እንጂ አይጫንም» ይሉ ነበር። ጭዱ እርጥበት ከሳበ ጭቃው ስለሚፈርስ በየጊዜው አውጥተው ፀሐይ ያስመቱታል። ቸኩዬ ስም ሳልጠራ ካስተኛሁማ «ማነው እሱ? እናት የለውም?» ብለው ይቆጡኛል።

አንዱ ወታደር ግን ለውጊያ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጫማውን አውልቆ እግሩን ይዞ የተቀመጠ ነው። ስሙ አላምረው ይባላል።

እናቴ የሞጣ ልጅ ናት። አንድ ቀን ጭዱን ፀሐይ ሲያስመቱ ይህን ስም ሰምታ «የማን ልጅ?» አለቻቸው። «የእትዬ ጥሩወርቅ» አሉ። እናቴ የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች። እትዬ ጥሩወርቅን ታውቃቸዋለች። ልጃቸው ከጦርነቱ አልተመለሰም፤ ሞተ ብሎ ያረዳቸውም የለም፤ ዛሬም ይመጣል እያሉ ይጠብቃሉ። ሃምሳ አለቃ ግን ሲሞት አይተውታል። ጦሩ ሲያፈገፍግ መንገድ ዳር ትተውት ነው የመጡት፤ ለመቅበር ጊዜ አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት፣ ቢቸናና ሞጣ በአንድ መንገድ ላይ ሆነው፣ ሄደው ለመናገር አንጀታቸው አልችል ብሎ ነበር።

«ሃምሳ አለቃ፣ እናት እኮ እርሟን ማውጣት አለባት» አለች እናቴ።

«ባዶ እጄን ሄጄ ምን ልበላቸው? አፈር እንኳ አላለበስኩት።»

«ይኸው፣ እሱን ይዘው ይሂዱ» አለች ወደ ጭቃው ልጅ እያሳየች።

ብዙ ቀን ሲያስቡ ቆይተው እሺ አሉ። አላምረውን ለብቻው ለመውሰድ ግን እንቢ አሉ። «ሁለተኛ ከጓዶቹ አልነጥለውም» ብለው ሣጥኑ በሙሉ እንዲሄድ ወሰኑ። ወጉ የታወቀ ነው፤ ሦስታችን ሞጣ ዘመድ ቤት እንድናድርና፣ ሽማግሌ ይዘው ማለዳ እንዲያረዷቸው ተስማሙ።

ለመንገዱ አዲስ ጭድ አበጠሩ። እያንዳንዱን ወታደር በጥጥ ጠቅልለው አላምረውን መሃል አስተኙት። እናቴ ደግሞ አቧራው እንዳይገባ ብላ ያጠበችውን ነጭ ጋቢ አምጥታ ሣጥኑን ዙሪያውን ጠቅልላ አሰረችው። ማናችንም ምን እንደሚመስል አላሰብንም።

የአውቶቡሱ ረዳት ሣጥኑን ጣሪያ ላይ ሊጭነው ሲል «ዕቃ አይደለም!» ብለው ጮኹበት። በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አድርገን ስንሄድ ሣጥኑ ጭናቸው ላይ ነበር። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ከጭናቸው ከፍ አድርገው አየር ላይ ይይዙታል። ሞጣ ስንደርስ ክንዳቸው ዝሎ ነበር።

ከመናኸሪያ ወጥተን እሳቸውና እናቴ ሣጥኑን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ዘመድ ቤት ለመሄድ በእትዬ ጥሩወርቅ ሰፈር ማለፍ ጀመርን። መጀመሪያ በር ላይ የተቀመጡ ሴቶች ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የሚያነክስ ወታደር፣ በነጭ የተጠቀለለ ሣጥን፤ አገሬው በሩቅ አገር የሞተ ሰው አፅም እንዴት እንደሚመጣ ያውቃል። የማን ቤት ልጅ እንዳልተመለሰም ያውቃል። አንዷ «ወይኔ አላምረው!» ብላ ስትጮህ ሰፈሩ ሁሉ ተቀበላት።

ሃምሳ አለቃ መንገድ መሃል ደርቀው ቀሩ። «አይደለም፣ ኧረ አይደለም» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። እትዬ ጥሩወርቅ እየሮጡ ወጡና ሁለት እጃቸውን ጋቢው ላይ አሳረፉ።

«ልጄ ነው?»

ሃምሳ አለቃ በዚያ በሚያነክሱት እግራቸው ተንበረከኩ። «ልጅዎ ሞቷል፣ እማማ። አፅሙን ግን አላመጣሁም። ትቼው ነው የመጣሁ» አሉ። የእኛ ቁጡ ሰውዬ ድምፅ እንደዚያ ሲሰባበር ሰምቼ አላውቅም፤ እኔም ፈርቼ የእናቴን ቀሚስ ያዝኩ።

«ፍታው» አሏቸው እትዬ ጥሩወርቅ።

ፈቱት። ጭዱን ሲገልጡ አንድም ወታደር አልተሰበረም። «እሱና ጓዶቹ ናቸው፤ ከጭቃ ሠርቻቸው ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ። «የኔ የቱ ነው?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። ሃምሳ አለቃ አላምረውን አንስተው፣ ስሙን ጠርተው እናቱ መዳፍ ላይ አኖሩት። እትዬ ጥሩወርቅ ብዙ አዩት። የተራቆተችውን እግር በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ጫማ ያመው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ሁሉ ይጠበው ነበር።» ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት።

ሣጥኑ አልጋ ላይ ተቀምጦ ተለቀሰ። ሃምሳ አለቃም ከሐዘንተኞቹ ጋር መሬት ተቀምጠው አለቀሱ። ልንመለስ ስንነሣ አላምረውን ለእናቱ ሰጥተው ሌሎቹን ሊያነሱ ሲሉ እትዬ ጥሩወርቅ ክዳኑን ያዙ። «ብቻውን ልታስቀረው ነው? ተዋቸው፣ አብረው ይሁኑ» አሏቸው። ሃምሳ አለቃ እሺ ብለው ባዶ እጃቸውን ቢቸና ገቡ። በማግሥቱ አሸዋውን ግንብ ለሚሠራ ጎረቤት ሰጡት። እኔ ጨዋታዬን በማጣቴ ብዙ ጊዜ አኩርፌያቸው ነበር። እሳቸው ከዚያ በኋላ ወታደር አልሠሩም፤ ሰውም መስደብ ተዉ ቢባል ውሸት ነው።

ሃምሳ አለቃም እትዬ ጥሩወርቅም አሁን በሕይወት የሉም። አምና በሥራ ተዛውሬ ሞጣ ስመጣ ያንን ቤት ጠይቄ አገኘሁት። የእትዬ ጥሩወርቅ የልጅ ልጅ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትታ ከፈተችልኝ። ብዙዎቹ ማደሪያዎች ባዶ ነበሩ። ተሰብረው ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«አልተሰበሩም» አለችኝ። «አላምረው ከእማማ ጋር ተቀብሯል። ሌሎቹን መርዶ ያልመጣላቸው እናቶች ናቸው የወሰዷቸው። እየመጡ አንድ አንድ ይመርጣሉ፤ እማማ ‹በልጅሽ ስም ጥሪውና አልቅሺለት› ይሏቸው ነበር።»

«አሁንም ይመጣሉ?»

«ባለፈው ወር አንዲት መጥታ ነበር» አለች ክዳኑን እየዘጋች። «እነዚህ የቀሩት ይበቁ እንደሆን እንጃ።»