ያልተሠራ ቤት የገባን ቀን

ካርቱም ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ ሀጃ የምላቸውን አንዲት አሮጊት እጦር ነበር። ማብሰሉም፣ ማጠቡም፣ ክንዳቸውን ይዞ ማስነሳቱም የእኔ ነው። ሀጃ ጉልበታቸው እንጂ ምላሳቸው አላረጀም፤ እኔም የወሎ ልጅ ነኝ፣ መልስ አላጣም። ስንነታረክ ውለን ማታ አብረን እንበላለን።

ልጃቸው አሮጌውን ቤት አፍርሶ አዲስ ሊሠራላቸው ተነሣ። አንድ ቀን በስልክ «ለእናቴ ብቻ የምትሆን ትንሽ ቤት ናት» ሲል ሰማሁና እንቅልፍ አጣሁ። ለእናቱ ብቻ ከሆነች እኔ የት ልገባ ነው? ሳጃና ሰፈር ያሉ የአገሬ ልጆች «ጠይቂው እንጂ» ይሉኛል። ለሁሉ የሚሮጥ አፌ ለዚህ ታሰረ። አይሆንም ቢለኝስ?

ልጃቸው መሐንዲስ ነው። ቤቱ ሳይሠራ እናቱ እንዲያዩት ብሎ ሁለታችንንም ቢሮው ወሰደን። አንድ ክፍል በር ላይ ጫማ አውልቁ ተባልን። እኔ መስጊድ መስሎኝ ቢስሚላህ ብዬ በቀኝ እግሬ ገባሁ። ባዶ ነው፤ ግድግዳውም ወለሉም ነጭ። ጥቁር መነጽር አደረገልንና መብራቱን ሲያጠፋው ቤት መጣ። ለካ ግድግዳው ሁሉ ስክሪን ኖሯል። ሶፋው፣ መስኮቱ፣ በሩ፣ ሁሉም በልኩ ሆኖ ዙሪያችንን ከበበን። እሱ በእጁ የያዘውን እንጨት መሳይ ነገር ሲጠቁም ቤቱ ይንቀሳቀሳል፤ እኛ በቆምንበት ከሳሎን ወደ ኩሽና አለፍን።

«ያላ፣ ቶሎ በል፣ መኝታ ቤቴን አሳየኝ» አሉ ሀጃ።

እኔ የምፈልገው የራሴን ነው። ሳሎን፣ ኩሽና፣ መታጠቢያ፣ የሀጃ መኝታ፤ አለቀ። የእኔ የለም። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። ደግነቱ መነጽሩ ጥቁር ነው።

ይኼኔ ሀጃ ደክሟቸው አልጋው ላይ ሊቀመጡ ዞሩ። የቱ አልጋ? አየር ነው እኮ። እጄ ልማዱን አልረሳምና ከወገባቸው ለቀም አደረግኋቸው። ተያይዘን ወለሉ ላይ ዘፍ አልን፤ እኔ ከታች፣ እሳቸው ጭኔ ላይ። ልጁ ደንግጦ መብራቱን አበራ።

ሀጃ እዚያው እንደተቀመጡ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቤቱ ያምራል ልጄ። ስወድቅ የምትይዘኝ ግን የት ነው የምትተኛው?»

«ቀን ቀን ሠራተኛ ትመጣለች ብዬ ነበር።»

«እኔ ቀን ቀን ብቻ ነው የምወድቀው?»

ልጁ ሄዶ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና መብራቱን መልሶ አጠፋው። ከሀጃ አልጋ ራስጌ በኩል በር ተከፍቷል፤ ከበሩ ወዲያ መስኮት ያላት ትንሽ ክፍል። እጄን ሰደድኩ፣ የሚጨበጥ ነገር የለም። ቢሆንም እፎይ አልኩ፤ ስንት ቀን የተሸከምኩት ጭንቀት ከላዬ ወረደ።

ወደ ቤት ስንመለስ «ሀጃ፣ ክብደትዎ ጭኔን ሰበረው» አልኳቸው።

«ዝም በይ፣ ክፍል አሠራሁልሽ አይደል?»

ቤቱ አልቆ የገባን ለት ክፍሌ ከነመስኮቷ እዚያው ነበረች። አልጋውን በመጀመሪያ በእጄ ዳበስኩት፤ ከዚያ ተቀመጥኩ።