አማቴ ያሞቁት ፎጣ

ሚኒሶታ ከመምጣቴ በፊት በሽርሽር መርከብ ሆድ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። መርከብ ሲባል ሰው ባሕርና ሙዚቃ ይታየዋል፤ እኔ የማውቀው ቆሻሻ ክፍሉን ነው። ከላይ ተበልቶ የተረፈው፣ ተጠጥቶ የተጣለው ሁሉ በከረጢት ወደ እኛ ይወርዳል። ጠርሙሱን ለብቻ፣ ጣሳውን ለብቻ እንለያለን፤ ወረቀቱ ማቃጠያው ውስጥ ይገባል። ወረቀቱ መሀል አንዲት ላይተር ካመለጠችን ጉድ ፈላ። የብስ ላይ እሳት ቢነሳ ሰው በር ከፍቶ ይሮጣል፤ ባሕር ላይ ወዴት ይሮጣል? ስለዚህ ሳንፈትሽ የምንጥለው ነገር አልነበረም።

ይህ አመል እዚህ ሚኒሶታ፣ ሪችፊልድ ከተማ ድረስ ተከተለኝ። የቤታችንን ቆሻሻ ሳልበረብር አላወጣም።

"ደግሞ ጋርቤጅ ልትፈትሽ ነው? ኔበሮቹ በመስኮት እያዩ ምን ይሉሃል?" እያለች ባለቤቴ ትስቅብኛለች። እሳት የሚያስነሳ ባትሪ ባገኘሁ ቁጥር ሎተሪ እንደ ደረሰው ሰው ሮጬ አሳያታለሁ፤ ከቁም ነገር አትቆጥረውም።

ልጃችን በበረዶው ወር ስትወለድ አማቴ ሊያርሱ ከአዲስ አበባ መጡ። ከሻንጣቸው አንድ ትልቅ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ወጣ። ጠዋት ጠዋት የባለቤቴን ወገብ በዘይቱ ያሹና በፎጣ ይጠርጉታል፤ ፎጣው ይታጠባል፣ ድራየር ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ድራየሩንማ ወደዱት።

"ፀሐዩን ሣጥን ውስጥ ከታችሁታል ለካ!" አሉ።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ባለቤቴ ገላዋን ትታጠባለች፣ አማቴ ወጥ ቤት ናቸው፣ ሕፃኗ መኝታ ቤት ተኝታለች። ሳሎን ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ ሽታ መጣብኝ። የምግብ አይደለም፤ ያረረ ዘይት ነው። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። መርከቡ ላይ ከማሳጅ ክፍል የሚመጣ ፎጣ ቢታጠብም ዘይቱ ጨርሶ አይለቅም። ከማድረቂያው እንደ ወጣ በትኩሱ ከተከመረ ውስጥ ውስጡን እየጋለ ሄዶ፣ ማንም ክብሪት ሳይጭር ይነዳል። ዘርግተን ሳናቀዘቅዝ አናጥፈውም ነበር።

ሮጥኩ። ከሕፃኗ አልጋ እግርጌ በወፍራም ብርድ ልብስ የተጠቀለለ የፎጣ ክምር አለ። በጥቅሉ አፍ ቀጭን ጭስ ይወጣል።

"እሳት! እሳት!" ብዬ ጮኽኩ።

"እሳት ናት እንጂ! የማን ልጅ ሆና!" አሉ አማቴ ከወጥ ቤት በኩራት። የሁለት ሳምንቷን ሕፃን ቅልጥፍና እያደነቅሁ መስሏቸዋል።

ሕፃኗን አንስቼ ወጥ ቤት ሮጬ እጃቸው ላይ አስቀመጥኳት፤ ተመልሼ ጥቅሉን በረንዳው በረዶ ላይ ወረወርኩት። ሲፈታ መሀሉ ያለው ፎጣ ጠቁሯል፤ ነፋስ ሲያገኘው ጠርዙ ቀላ፣ ከዚያ በረዶው ውስጥ ትስስ ብሎ ጠፋ። ግልግል!

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ዞርኩ። አማቴ በሩ ላይ ቆመው ፎጣውን ያያሉ።

"ብርድ አገር ነው ብዬ... በትኩሱ የጠቀለልኩት ስትነቃ እንዲሞቃት እኮ ነው" አሉኝ።

ቁጣዬ እዚያው ቀረ። ባለቤቴ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ መጣች፤ ፎጣውን አይታ አልሳቀችም። አማቴ ሕፃኗን አቀበሏት።

"ከእንግዲህ እኔ አልነካትም። ትኬቴን ቀይሩልኝና ልሂድ።"

"እማዬ፣ ይተዉ እንጂ" አልኳቸው። "እኔም መርከቡ ላይ ሰው ባያሳየኝ ኖሮ ከየት አውቀው ነበር?"

ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ። ሕፃኗን ከባለቤቴ ተቀብዬ ሳልጠይቃቸው ጭናቸው ላይ አስተኛኋት። መጀመሪያ አልነኳትም። ቆይተው ጎንበስ አሉና አንገቷ ሥር አሸተቷት።

"ጭስ አልነካትም፤ ወተት ወተት ነው የምትሸተው" አሉ።

ያን ጊዜ አልቅሼ ወጣልኝ።