ደህና እግሯ የታሰረ ግልገል

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሰላ፣ ሁለተኛ ልጄ ዳዴ በምትልበት ክረምት። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የዚያን ክረምት ፍርሃት ግን አልረሳሁትም።

ልጄ ትርሲት ስትወለድ እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ጠቁራ ወጣች፤ ያለቀሰችውም ብዙ ቆይታ ነው። ካለቀሰች በኋላ እልል ብለን ረሳነው።

ዓመት ሊሞላት ሲል ሁሉን ነገር በግራ እጇ ብቻ መያዝ ጀመረች። አማቴ እትዬ ደስታ፣ "ግራኝ ወልደሽ! በግራዋ እየበላች ልታሰድበን ነው? እሰሪላት እንጂ!" ይሉኝ ነበር። እኔም ዳቦ በግራ ስትቀበለኝ እጇን መታ አደርጋለሁ። ሳጥባት ግን ቀኝ እጇ አይፈታም፤ አውራ ጣቷን ጨብጣ ትይዘዋለች። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ከተናገርኩት እውነት የሚሆን መሰለኝ።

ያኔ ከከተማው ወጣ ብሎ በእንስሳት ላይ ምርምር የሚደረግበት ግቢ ውስጥ ጽዳት እሠራ ነበር። አንድ ጠዋት ዶክተሩ የአንዲት ግልገል የፊት እግር አጥፈው በጨርቅ ሲያስሩ አየሁ። ያሰሩት ደህናውን ነው፤ ሌላው ልምሾ ነው። ግልገሏ ወደ ጡጦው ልትሄድ ስትል በአፍንጫዋ ተደፋች።

"ዶክተር፣ እግዜርን አይፈሩም? ደህናውን ያስራሉ?" አልኳቸው።

ሳቁ። "ደህናው ካለላት የታመመውን ለምን ታንቀሳቅሰዋለች? እንደ እኔ ሰነፍ ናት።" ከዚያ፣ ስትወለድ ትንፋሽ አጥሯት እንደነበርና ጉዳቱ ከእግሯ ሳይሆን ከአንጎሏ እንደሆነ ነገሩኝ።

መጥረጊያዬን ትቼ ጠጋ አልኳቸው። "ሰውም እንዲህ ይሆናል?"

ሳቃቸውን አቆሙ። "ማነው የታመመው?"

"ማንም" ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ግን ትርሲትን አዝዬ መጣሁ። እጇን ዘርግተው አዩና፣ "አብሽሪ፣ የኔ እህት። እኔ የበግ ሐኪም ነኝ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጃት። እዚህ ያየሽውን ሳትጠይቂ እንዳትሞክሪባት" አሉኝ።

ሆስፒታልም አንጎሏ ነው አሉኝ። መድኃኒት የለውም፤ እጁ ግን መሥራት አለበት። ስለ ማሰሩ ጠየቅኩ። ስትጫወት፣ ለጥቂት ጊዜ፣ ላላ አድርጌ፣ ከአጠገቧ ሳልለይ እንድሞክር ፈቀዱልኝ።

ግራ እጇን በነጠላ ቁራጭ ስጠቀልለው አማቴ "ይኸው፣ በመጨረሻ ሰማሽኝ!" ብለው ደስ አላቸው። እኔ ግን ፈራሁ። ደህናውም ቢሰንፍስ? ሥራ ስገባ መጀመሪያ የማየው ግልገሏን ሆነ። እሷ ከቆመች ልጄም ትድናለች አልኩ።

ቆመች። መራመድም ጀመረች። አንድ ሰኞ ግን ስገባ በረቷ ባዶ ነው።

"አንጎሏ ውስጥ የሆነውን ለማየት መታረድ ነበረባት" አሉኝ ዶክተሩ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ሥራዬን ጥዬ ቤት ሮጥኩ። ትርሲት ተኝታ ነበር። ጆሮዬን አፏ ላይ አድርጌ ትንፋሿን ሳዳምጥ ቆየሁ። በዚያ ቀን ማሰር አልቻልኩም። በማግስቱ አሰርኩ።

ዛሬ ትርሲት የልጆች እናት ናት። ቀኝ እጇ መርፌ አያጠልቅም እንጂ ሌላውን ይሠራል። ለፋሲካ በግ ሲታረድ እኔ ጓዳ እገባለሁ። "እማዬ ደም ትፈራለች" እያሉ ልጆቼ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ትርሲት በቀኝ እጇ ሳህኑን ስታቀብለኝ ማን ትዝ እንደሚለኝ ለእሷም ነግሬያት አላውቅም። ይኸው አሁን ጻፍኩት።